በጎንደር ወርክሾፖች የአሟሚ ፈሳሾችን ተን መለካት፦ ከቤተ ሙከራው አኃዝ እስከ ሠራተኛው ትንፋሽ

ከአዘዞ እስከ ማራኪ መኪና የሚቀቡ ጋራዦች፣ ሶፋና ቁም ሣጥን በቫርኒሽ የሚያጠናቅቁ የእንጨት ሥራ ቤቶች፣ ሶል በማስቲሽ የሚለጥፉ ጫማ ሠሪዎች አሉ። ሁሉንም የሚያገናኛቸው በጀሪካን ተገዝቶ በየጥጉ የሚቀመጠው አሟሚ ፈሳሽ ነው። «ቲነር» የምንለው የአንድ ኬሚካል ስም አይደለም፤ እንደ አምራቹ ቶሉይን፣ ዛይሊን፣ አሴቶን፣ አንዳንዴም ሜታኖል በተለያየ መጠን የተቀላቀሉበት ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ተኑ በትንፋሽ ሲገባ የሚያስከትለውን አደጋ ከግምት አውጥቶ በአኃዝ ለማወቅ ለሚፈልግ የወርክሾፕ ባለቤት፣ ለሙያ ደኅንነት ባለሙያና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የአካባቢና የሙያ ጤና ለሚያጠና ተማሪ ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የአንድን ፈሳሽ መርዛማነት መፈተሽ አንድ ሥራ ነው፤ ሠራተኛው ከዚያ ፈሳሽ ምን ያህል እንደሚተነፍስ መለካት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። የመጀመሪያው የሚሠራው ልዩ በሆነ ቤተ ሙከራ ነው። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ያወጣው መመሪያ ቁጥር 403፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ጸድቆ በ2009 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው፣ አይጦች አብዛኛውን ጊዜ ለ4 ሰዓት ተኑን እንዲተነፍሱ ከተደረገ በኋላ ቢያንስ ለ14 ቀናት እንዲታዩ ያዝዛል። በሙከራ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከ19 በመቶ እንዳይወርድ፣ የተኑ ክምችትም ከአማካዩ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይዋዥቅ ይጠበቃል። ከእንስሳቱ ግማሾቹን የሚገድለው ክምችት ተሰልቶ ፈሳሹ በአደገኛነት ደረጃ ይመደባል፤ በዓለም አቀፉ የምደባ ሥርዓት የተኑ ገዳይ ክምችት በሊትር አየር ከ0.5 ሚሊ ግራም የማይበልጥ ከሆነ አንደኛ ደረጃ፣ እስከ 2 ሁለተኛ፣ እስከ 10 ሦስተኛ፣ እስከ 20 አራተኛ ደረጃ ነው። ለተለመዱት አሟሚዎች ይህ ሙከራ ከብዙ ዓመታት በፊት ተሠርቷል፤ ባልተሟላ ቦታ መድገሙ እንስሳን ማሠቃየት ብቻ ነው።

እኛ ማድረግ የሚገባን ውጤቱን ማንበብ ነው። ሻጩን የኬሚካል ደኅንነት መረጃ ሰነዱን ይጠይቁት። ሰነዱ 16 ክፍሎች አሉት፤ በ3ኛው ቅንብሩን፣ በ8ኛው የሥራ ቦታ ገደቡን፣ በ11ኛው መርዛማነቱን ያገኛሉ። በ11ኛው ክፍል ያለውን ገዳይ ክምችት ብቻ አይቶ «ይህ አይገድልም» ማለት ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ቶሉይን በአጭር ጊዜ ሙከራ መለስተኛ መስሎ ይታያል፤ ለዓመታት ሲተነፍሱት ግን አእምሮንና የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳል። በአንዳንድ ማጣበቂያዎች ውስጥ ያለው ሄክሴን የእጅና የእግር ነርቮችን እያደነዘዘ ያዳክማል። ሜቲሊን ክሎራይድ የተባለው ቀለም መላጫ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚለወጥ፣ አየሩ በሳሳበት እንደ ጎንደር ባለ ደጋ በተለይ ሊፈራ ይገባል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ የስም መመሳሰል ማስጠንቀቅ አለብኝ። መኪና የምንነዳበትን ነዳጅ ቤንዚን እንለዋለን፤ በእንግሊዝኛ ሰነዶች በተመሳሳይ ስም የሚጠራው፣ እኔ በዚህ ጽሑፍ ቤንዝን የምለው ኬሚካል ግን ሌላ ነገር ነው፤ የደም ካንሰር እንደሚያስከትል የተረጋገጠ ሲሆን የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ8 ሰዓት አማካይ ከ1 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን የአየር ክፍል አንድ ክፍል፣ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ነዳጁም ከዚህ ኬሚካል የተወሰነ መጠን ስለሚይዝ፣ ልጆች ቁጢጥ ብለው የሞተር ዕቃ በነዳጅ የሚያጥቡባቸው ጋራዦች ከሁሉ አስቀድመው መለካት የሚገባቸው ናቸው። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ክምችቱ የሚያይለው ከማጠቢያው ገበታ አጠገብ ነው፤ የልጁም አፍንጫ ያለው እዚያው ነው።

ወደ ልኬቱ ሲገቡ አፍንጫዎን መሣሪያ አያድርጉት። ዕጣን በሞላበት ቤት የተቀመጠ ሰው ሽታው የሚታወሰው እንግዳ ገብቶ ሲነግረው እንደሆነ ሁሉ፣ ቀለም ቀቢም ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሽታውን መለየት ያቆማል። «ለምደነዋል» የሚለው መልስ የደኅንነት ማስረጃ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ያለ መሣሪያ ይሂዱና አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይመልከቱ፦ ማን፣ የት፣ ለስንት ደቂቃ ይቀባል፤ በሩ መቼ ይዘጋል፤ ክዳኑ ተከፍቶ የሚያድረው የቱ ቆርቆሮ ነው። በክረምት ዝናቡ ቀለሙን እንዳያበላሽ በርና መስኮት ስለሚዘጋ፣ በበጋ ብቻ የተወሰደ ልኬት ያሳስታል።

በሁለተኛው ቀን የፎቶአዮናይዜሽን መለኪያ፣ ማለትም በውስጡ ባለ መብራት ጨረር የተኑን ክምችት ወዲያው የሚያነብ መሣሪያ፣ ማግኘት ከቻሉ ክምችቱ የሚበዛበትን ቦታ ይፈልጉበት። መሣሪያው የሚስተካከለው በአይሶቡቲሊን ጋዝ ስለሆነ፣ ተኑ ቶሉይን ብቻ ከሆነ ንባቡ በ0.5 ይባዛል፤ 50 ቢያነብ 25 ፒፒኤም ማለት ነው። ነገር ግን የተለመደው የ10.6 ኤሌክትሮን ቮልት መብራት ሜታኖልንና ሜቲሊን ክሎራይድን አያይም። ዜሮ ማንበቡ አየሩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ለውሳኔ የሚያበቃው ልኬት በከሰል ቱቦ የሚወሰደው ነው። ቱቦው ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራ ከሰል በሁለት ክፍል ይዟል፤ ፊተኛው 100፣ ኋለኛው 50 ሚሊ ግራም ነው። ሁለቱን ጫፎች ሰብረው ኋለኛው ክፍል አየሩን ወደሚስበው ትንሽ ፓምፕ እንዲሆን ያገናኙ፤ ፓምፑን ከሠራተኛው ቀበቶ ላይ፣ ቱቦውን ከአፍንጫው 30 ሳንቲ ሜትር በማይርቅ የልብሱ ኮሌታ ላይ ቀጥ አድርገው ይስቀሉ። ከዚያ በፊት ግን ለሠራተኛው ምን እየተለካ እንደሆነና ውጤቱን እርሱም እንደሚያውቅ ይንገሩት፤ ለአሠሪው የሚሰልል መሣሪያ የመሰለው ሰው ያን ዕለት ከበር አጠገብ ይውላል። ለቶሉይን በደቂቃ 50 ሚሊ ሊትር እየሳቡ በየ2 ሰዓቱ ቱቦ ቢቀይሩ በአንድ ቱቦ 6 ሊትር አየር ያልፋል፤ የአሜሪካው የሙያ ጤና ተቋም ዘዴ ቁጥር 1501 ለቶሉይን ከፈቀደው 8 ሊትር በታች ነው። እርጥበት የከሰሉን አቅም ስለሚቀንስ በሐምሌና ነሐሴ ከዚህም ማሳጠር ይበጃል። አንድ ቱቦ ከፍተው አየር ሳይስቡበት ወዲያው ይክደኑና ከሌሎቹ ጋር ይላኩት፤ በመንገድ የገባ ብክለት ካለ እርሱ ይመሰክራል። ቱቦዎቹ በቅዝቃዜ ተጉዘው ጋዝ ክሮማቶግራፍ፣ ማለትም የተቀላቀሉ ኬሚካሎችን ለያይቶ የሚለካ መሣሪያ፣ ባለው ቤተ ሙከራ ይመረመራሉ። በኋለኛው ክፍል የተገኘው ከፊተኛው ከ10 በመቶ ከበለጠ ተኑ አምልጧልና ናሙናው ዳግም ይወሰዳል። ናሙናው ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት» ብቻ ብለው አይጻፉ፤ የደቂቃዎቹን ብዛት ይጻፉ።

ብዙዎች የሚዘነጉት ከፍታን ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት 78 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። ስለዚህ ፓምፑ የሚስተካከለው እዚሁ ጎንደር ውስጥ፣ ቱቦው እንደተገጠመለት ነው። ፒፒኤምን ወደ ሚሊ ግራም ሲለውጡም በመጻሕፍት የተለመደውን የአንድ ሞል ጋዝ ይዘት፣ 24.45 ሊትርን፣ አይጠቀሙ፤ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በእኛ ግፊት 31.7 ሊትር ገደማ ይሆናል። ከላይ ያየነው 25 ፒፒኤም ቶሉይን በባሕር ወለል ስሌት በሜትር ኩብ 94 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በጎንደር ግን 73 ያህል ብቻ ነው። ገደቦችን በሚሊ ግራም ማነጻጸር ከዚህ መደናገር ያድናል።

ገደቡ የማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው፤ ለቶሉይን የአሜሪካው ሕግ 200 ፒፒኤም ሲፈቅድ፣ የአውሮፓ ኅብረት 50፣ የአሜሪካ የኢንዱስትሪ ሃይጂን ባለሙያዎች ጉባኤ ደግሞ 20 ይላል። የ200ው ቁጥር የቆየ ስለሆነ እንዳይጠቀሙበት አጥብቄ እመክራለሁ። ቀኑ 10 ሰዓት የሚሠራበት ከሆነ ደግሞ ገደቡን በ0.7 ያባዙ፤ ሰውነት ተኑን የሚያስወግድበት የዕረፍት ጊዜ አጥሯልና።

ስሌቱ ራሱ ቀላል ነው። እያንዳንዱን ክምችት በቆየበት ሰዓት አባዝተው ይደምሩና ለ8 ያካፍሉ። ቲነር ቅልቅል ስለሆነ ግን የእያንዳንዱን ኬሚካል አማካይ ለገደቡ አካፍለው ውጤቶቹን መደመር አለብዎት። ለምሳሌ ቶሉይን 120፣ ዛይሊን 110 ሚሊ ግራም በሜትር ኩብ ቢገኝ፣ በአውሮፓ ኅብረት ገደቦች 192 እና 221 ሲካፈሉ 0.63 እና 0.50 ይሆናሉ። ለየብቻ ሁለቱም ከገደብ በታች ናቸው፤ ድምሩ ግን 1.13 ስለሆነ ቦታው ከገደብ አልፏል።

ያለፈ ከሆነ ከማስክ አይጀምሩ፤ የአቧራና የሕክምና ማስክ ተን ጨርሶ አያግድም፣ ተን የሚይዘው የከሰል ካርትሪጅም በጊዜ ካልተለወጠ ዋጋ የለውም። በቅድሚያ ዕቃ በነዳጅ ማጠብን ያስቁሙ፣ ጀሪካኖቹን ይክደኑ፣ ከዚያ ፍንዳታ በማያስነሣ ማራገቢያ አየሩ ከሠራተኛው ጀርባ ገብቶ በሚቀባው ዕቃ በኩል እንዲወጣ ያድርጉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ጤና የመጠበቅ ግዴታ የሚጥለው በአሠሪው ላይ ነው። ማራገቢያው ከተተከለ በኋላ ያንኑ ሠራተኛ፣ በዚያው ሥራ ላይ፣ በር በተዘጋበት የክረምት ቀን ዳግም ይለኩ፤ ሁለቱንም ውጤቶች ጎን ለጎን በአማርኛ ጽፈው እርሱ በሚያየው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ።