ሁሉ ነገር ሳይነስ አይደለም፦ አለርጂ ያለባችሁ በመፀው ሽርሽር የምትሠሯቸው ስህተቶች

መስከረም ሲጋመስ ፋርማሲያችን ውስጥ ማስነጠስ ይበዛል። አዳማ ላይ ዝናቡ ሲያቆም ሳሩ ያብባል፣ ነፋሱ ይነሳል፣ ሰውም ለሽርሽር ይወጣል። እሁድ ሶደሬ የዋለ ሰው ሰኞ ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ይመጣል።

ከዚያ የሚያንገበግበኝ ነገር ይከተላል። «ዶክተር፣ ሳይነሴ ተነሳብኝ፤ አሞክሳሲሊን ስጠኝ።» ትኩሳት አለህ? የለም። ያሳክክሃል? «አፍንጫዬን፣ ዓይኔን፣ ላንቃዬን ሳይቀር!» አምናስ? «በዚሁ ሰሞን ነው የጀመረኝ።» ወንድሜ፣ ይሄ እኮ አለርጂ ነው! አሞክሳሲሊን ባክቴሪያ ይገድላል እንጂ የአበባ ብናኝ አያባርርም። የሚያስነጥስህ ሰውነትህ ብናኙን እንደ ጠላት ቆጥሮ የሚለቀው ሂስታሚን ነው። ጉንፋን ብዙውን ጊዜ በሳምንት፣ ቢበዛ በአሥር ቀን ይለቃል። አለርጂ ግን ብናኙ እስካለ ይቆያል፣ ማሳከኩም አይለየውም። ንፍጡ ቢጫ ሆነ ማለት ብቻውን ባክቴሪያ ገባ ማለት አይደለም። በየዓመቱ በከንቱ የሚዋጠው አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ከመድኃኒቱ ጋር ያላምደዋል። ነገ ልጃችሁን የሳንባ ምች ሲይዘው ያ መድኃኒት አልሠራ ሊል ይችላል። ከጎረቤት የተረፈ ሁለት ፍሬ ለምነው የሚውጡም አሉ። እባካችሁ፣ ተዉ።

ክሎርፌኒራሚን የሚባለውን የአለርጂ ክኒን ውጦ መሪ መያዝም አለ። ርካሽ ነው፣ ይሠራል፣ ግን ያስተኛል። የምትነዱ ከሆነ እምብዛም የማያስተኛውን ሎራታዲን ጠይቁ። ቢራ ከጨመራችሁበት ደግሞ እንቅልፉ ይብሳል።

የአፍንጫ ስቴሮይድ ስፕሬይ የሚጀመረው በሽርሽሩ ዋዜማ አይደለም። አንዲት እናት ለኢሬቻ ሊሄዱ ሲሉ ገዝተው፣ በማግስቱ «ይሄማ ውሃ ነው» ብለው መለሱልኝ። ፍሉቲካዞንም ሆነ ቤክሎሜታዞን ሙሉ ጉልበቱን የሚያሳየው በየቀኑ ሲወሰድ፣ ከቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው። ስለዚህ ወቅቱ ሳይገባ ጀምሩት። ስትረጩ ወደ መሃለኛው አጥንት ሳይሆን ወደ ጆሯችሁ አቅጣጫ አዘንብሉት፤ አለበለዚያ ሊያደማችሁ ይችላል። ወዲያው የሚከፍተው የዛይሎሜታዞሊን ጠብታ ሌላ ነገር ነው። ከአምስት ቀን በላይ ከተጠቀማችሁበት አፍንጫችሁ መልሶ ይደፈናል።

ሌላው ስህተት አደይ አበባን መወንጀል ነው። የአደይ ብናኝ ከባድና ተጣባቂ ነው፤ የሚያዞረውም በአብዛኛው ንብ ነው። በነፋስ ተጉዞ አፍንጫችን የሚገባው የሳር ብናኝ ነው። ከሱ ሌላ በጣም የሚያሰጋኝ ፓርቲኒየም ነው፣ አንዳንዶች ቅንጬ አረም የሚሉት። ጥቃቅን ነጭ አበባ ያለው፣ በየመንገዱ ዳርና በየባዶው ቦታ የሚበቅለው። አፍንጫን ብቻ አይደለም የሚቆጣው፤ አስም ይቀሰቅሳል፣ የነካውን ቆዳ ያሳክካል፣ ያቆስላል። ሰው ግን ምንጣፍ ለማንጠፍ ሲል በባዶ እጁ ይነቅለዋል! ይባስ ብሎ ልጆቹን «ንቀሉ» ይላል። ቦታ ቀይሩ። የግድ ከሆነ ጓንት አድርጉ፣ ከዚያም በሳሙና ታጠቡ።

የቡናው ዕጣን ጭስ የታመመ አፍንጫን ያባብሳል። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ተቀመጡ። ቤት ስትገቡ ልብስ ቀይሩ፣ ፀጉራችሁንም ሳትታጠቡ አትተኙ፤ ብናኙ ትራሳችሁ ላይ ያድራል።

ደረቱ የሚያፏጭበት ሰው ፓፉን፣ ማለትም በአፍ የሚነፋውን የአስም መድኃኒት፣ ቤት ትቶ አይውጣ። ነቅንቆ «ገና አለው» ማለትም አይበቃም፤ መድኃኒቱ አልቆ ጋዙ ብቻ ሊቀር ይችላል። ብዙዎቹ የሳልቡታሞል ፓፎች 200 ጊዜ የሚነፉ ናቸው፤ መቼ እንደጀመራችሁትና በቀን ስንቴ እንደምትነፉ ጻፉበት። ከንፈር ካበጠ፣ ወይም መናገር እስኪያቅት ትንፋሽ ካጠረ ግን ወደ እኛ አትምጡ፤ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።