ካትበርድን በደጋ ጫካ ፈልጎ ለማግኘት

የሐበሻ ካትበርድ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በየትም አይገኝም። የጥሻ ወፍ ነው፤ ቅጠል ውስጥ ይሰወራል። ስለዚህ ፍለጋው በዓይን ሳይሆን በጆሮ ይጀመራል።

በአብዛኛው ከ2,400 እስከ 3,500 ሜትር ከፍታ ባለው ጫካ ይኖራል። ጽድና ኮሶ፣ ከፍ ሲልም አስታ፣ እንዲሁም ቀርከሃ ያለበትን ቦታ ይምረጡ። ትልልቅ ዛፎች መኖራቸው ብቻ አይበቃም፤ ከሥራቸው ቁጥቋጦና የተጠላለፈ ሐረግ ከሌለ ጊዜ አያባክኑ። ለጀማሪ ዲንሾ ይመቻል፤ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ያለው የጽድና የኮሶ ጫካ በእግር የሚዳረስ ነው። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ንጋት ላይ ብርዱ ይበረታል፤ ወፍራም ልብስ ይያዙ።

ጎህ ሲቀድ ቦታው ላይ ይገኙ። ፀሐይ ከበረታችና ነፋስ ከተነሣ በኋላ ዝማሬው ይቀንሳል፤ የቅጠሉ ኮሽታም ያደናግራል። የጫካው ዳር ላይ ቆመው ቢያንስ 15 ደቂቃ በዝምታ ያዳምጡ። ዜማው ጥርት ያለ፣ ከፍ ብሎ የሚያስተጋባ ነው። ዋናው ምልክት ግን ምላሹ ነው፦ አንዱ ሲዘምር ጥንዱ ብዙ ጊዜ ዝቅ ባለ፣ በሚርገበገብ «ርርር» ይቀበለዋል። ሁለቱን ድምፅ ተከታትለው ከሰሙ ቦታውን አገኙት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ድምፁን ተከትሎ ጥሻ ውስጥ ሲገባ ወፉ ዝም ብሎ ወደ ጥልቁ ይሸሻል። ባሉበት ይቆዩ፤ ፍሬ ያፈራ ቁጥቋጦ ወይም ጽድ ካለ ባይኖኩላርዎን እዚያ ላይ ያነጣጥሩ፤ ፍሬ ስለሚወድ ሊበላ ብቅ ይላል። ለእንዲህ ያለ ጥላማ ቦታ 8 በ42 የሆነው (8 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 42 ሚሊሜትር የሆነ) ባይኖኩላር ይሻላል፤ 10 እጥፍ የሚያጎላው የእይታ ስፋቱ ስለሚጠብ ቅጠል ለቅጠል የሚዘል ወፍ ያመልጠዋል።

ሲወጣ በቅድሚያ የሚታየው ግራጫ አካሉ ነው፤ ርዝመቱ 18 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ግንባሩ ነጣ ይላል፤ በዓይኑና በጥቁር ምንቃሩ መካከል ጥቁር ምልክት አለ። ማረጋገጫው ግን ከጅራቱ ሥር ያለው ደማቅ ቀይ ቡናማ ቀለም ነው። ወንዱና ሴቷ ስለሚመሳሰሉ በቀለም ለመለየት አይድከሙ።

በዚያው ጫካ የሚኖር አንድ ግራጫ ቡናማ ዝንብ ያዥ ወፍ ከርሱ ጋር ይምታታል። እሱ ግን ገላጣ ቅርንጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነፍሳት ለመያዝ ይወረወራል፤ ከጅራቱ ሥርም ያ ቀይ ቡናማ የለውም።

የተቀዳ ድምፅ እያጫወቱ መጥራት ቀላል ይመስላል፤ እባክዎ አያድርጉት። ወፉ ግዛቱን የወረረ ባላንጣ የመጣ መስሎት መመገቡን ይተዋል፤ ጎጆ ላይ ያለ ጥንድ ከሆነ ደግሞ እንቁላሉ ወይም ጫጩቱ ያለ ጠባቂ ይቀራል።