ሕክምና ሲጀምሩ የሚጠብቁትን ነገር እንዴት እንደሚይዙ

ከመድኃኒት የምንጠብቀው ነገር በሕመማችን ላይ ለውጥ ያመጣል ሲባል ብዙ ሰው «ታዲያ ሕመሜ የሐሳብ ነው ልትሉኝ ነው?» ብሎ ይከፋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። በ1978 በታተመ ጥናት፣ የመንጋጋ ጥርስ ለተነቀለላቸው ሰዎች ምንም ፈዋሽ ንጥረ ነገር የሌለበት አስመሳይ መድኃኒት (ፕላሲቦ) ተሰጥቷቸው የአንዳንዶቹ ሕመም ቀለል አለ፤ የሞርፊንን ሥራ የሚያግደው ናሎክሶን ሲሰጣቸው ግን ሕመሙ መልሶ ጸናባቸው። ማስታገሻ ወስጃለሁ ብሎ እፎይታን የሚጠብቅ ሰው አንጎሉ የራሱን ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገር እንደሚያመነጭ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚሰማዎትን ነገር በመሣሪያ ከሚለካው ይለዩ። በ2011 ለንባብ በበቃ የአስም ጥናት፣ እውነተኛው የሚሳብ መድኃኒት ታካሚዎቹ በአንድ ሰከንድ የሚያስወጡትን የአየር መጠን በ20 በመቶ ሲያሻሽል፣ በአስመሳዩ የታየው ለውጥ 7 በመቶ ያህል ብቻ ነበር፤ ይህም ምንም ሳይወስዱ ከታየው አይበልጥም። ሲጠየቁ ግን በሁለቱም ተቀራራቢ እፎይታ እንዳገኙ ተናገሩ። ሕመም፣ ማቅለሽለሽና ድካም ለምንጠብቀው ነገር በቀላሉ ይታዘዛሉ፤ የጠበበ የአየር ቧንቧ፣ የደም ግፊትና የደም ስኳር ግን እንዲያ አይደሉም። «ደህና ነኝ» ብሎ መለካትን መተው የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው።

በእኔ አስተያየት ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ተቃራኒው፣ ማለትም «ይጎዳኛል» ብሎ መጠበቅ የሚያመጣው ጉዳት (ኖሲቦ) ነው። ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን ስታቲን በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ያቋረጡ 60 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2020 ውጤቱ የታወቀ ጥናት አለ። ተሳታፊዎቹ በአንዳንዱ ወር ስታቲን፣ በአንዳንዱ አስመሳይ ክኒን እየወሰዱ፣ በአንዳንዱም ምንም ሳይወስዱ ስሜታቸውን በየቀኑ መዘገቡ። በስታቲን ወራት ከደረሰባቸው ስቃይ 90 በመቶው በአስመሳዩም ታየ፤ ውጤቱ ከተነገራቸው በኋላ ግማሾቹ መድኃኒቱን መልሰው ጀመሩ።

ከዚህ የምንቀዳው ዘዴ ቀላል ነው። አጣዳፊ ያልሆነ መድኃኒት ሲታዘዝልዎ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ ከመጀመርዎ በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል ያለብዎትን ሕመም ሁሉ በማስታወሻ ደብተር ያስፍሩ፦ «ማክሰኞ ጠዋት፣ የግራ ጉልበት፣ ከ10 4»፣ «ሐሙስ ማታ፣ ራስ ምታት፣ ከ10 3፣ እንቅልፍ አጥቼ ነበር» እያሉ። ኋላ ጉልበትዎ ሲያምዎት ሕመሙ ከመድኃኒቱ በፊት እንደነበረ ወይም አዲስ እንደሆነ ከደብተሩ ያያሉ። በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ የተደረደሩትን ጉዳቶች ሲያነቡ ደግሞ «ከ100 ሰው ስንቱ ላይ ይታያል?» ብለው ፋርማሲስቱን ይጠይቁ። አምስቱ ላይ ከሆነ፣ ዘጠና አምስቱ ያለዚያ ጉዳት እንደሚወስዱት አብረው ያስቡ። ወረቀቱን ጨርሶ አለማንበብ ግን መፍትሔ አይደለም፤ የፊት ወይም የጉሮሮ ማበጥና የትንፋሽ ማጠር ከታየ «ግምቴ ይሆናል» ሳይሉ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

ከሐኪሙ ክፍል ሳይወጡ «ለውጡ መቼ ይጀምራል? መጀመሪያ የሚሻለኝስ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። የድብርት መድኃኒት፣ ለምሳሌ፣ ለውጡ እስኪታወቅ ሳምንታት ይወስዳል፤ በሦስት ቀን እፎይታ የሚጠብቅ ሰው በአራተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ መተዉ አይቀርም።

አስታማሚ ከሆኑ ደግሞ ማስታገሻን ዝም ብለው አይስጡ። ታካሚው ሳያውቅ በመሣሪያ የሚገባለት ማስታገሻ፣ እየተነገረው ከሚሰጠው ያነሰ እንደሚያስታግስ በተደጋጋሚ ታይቷል። ስለዚህ ክኒኑን ሲያቀብሉ «ይህ ለሕመሙ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ቀለል ይልሃል» ይበሉት፤ ጊዜውን ግን በግምት ሳይሆን ከሐኪሙ ወይም ከነርሷ ጠይቀው ይናገሩ፣ ያሉት ሰዓት ካለፈና ሕመሙ ካልቀነሰም ይህንኑ መልሰው ያሳውቋቸው።