ክፍት ቢሮ ውስጥ ሐሳብን ሰብስቦ እንዴት መሥራት ይቻላል?

ባሕር ዳር ውስጥ የምሠራበት ቢሮ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። አሥራ አራት ጠረጴዛ፣ የሴራሚክ ወለል፣ ትልልቅ መስታወት። ከሥር የባጃጅ ጡሩንባ አለ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የጎረቤት ጄኔሬተር ይነሳል። አንድ ቀን የበጀት ሠንጠረዥ እየሞላሁ፣ አጠገቤ ያለችው ልጅ ስለ እህቷ ሠርግ ድንኳን በስልክ ዋጋ ትከራከር ነበር። ማታ ሳመሳክር የድንኳኑን ዋጋ የትራንስፖርት ረድፍ ላይ ጽፌው አገኘሁ። በጣም ደነገጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ነገሩን በቁም ነገር የያዝኩት።

መጀመሪያ የሚረብሻችሁን ለዩ። ሁለት ቀን ወረቀት አጠገባችሁ አስቀምጡና ከሥራ ባነቃነቃችሁ ቁጥር ምን እንደሆነ ጻፉ። እኔ ጄኔሬተሩ ይመስለኝ ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን አንዴ ብቻ ነው የሰፈረው። የቀረው በሙሉ የሰው ወሬ ነበር። ጆሮ አንድ ዓይነት ድምፅን ይለምደዋል። የሚገባንን ቋንቋ ግን አእምሯችን ሳይተረጉም አያልፍም። በተለይ የስልክ ወሬ ይከፋል፤ የአንዱን ወገን ብቻ ስለምንሰማ የሌላውን በግምት እንሞላለን።

ቀጥሎ መቀመጫችሁን እዩ። ፊታችሁን ወደ በሩ አታድርጉ፤ የገባ የወጣው ሁሉ ቀና ያደርጋችኋል። በገላጣ ቦታ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ሴራሚክና መስታወት ባለበት ክፍል ግን እየነጠረ ስለሚመለስ ያን ያህል አይቀንስም። ወፍራም መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ፋይል የሞላበት መደርደሪያ ይረዳሉ። ጣሪያ ያልነካ ቀጭን ኮምፔንሳቶ ግን ዓይንን እንጂ ወሬን አይከልልም።

ለጆሯችሁ ደግሞ የስፖንጅ መድፈኛ ሞክሩ። እጃችሁን ታጠቡ፣ ስፖንጁን በጣቶቻችሁ እያሻሻችሁ አቅጥኑት። በሌላው እጅ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ አስገቡት። እስኪያብጥ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት ያዙት። ብዙ ሰው እንዲሁ ይወትፈውና «አይሠራም» ይላል። ሙዚቃ የምትመርጡ ከሆነ ግጥም የሌለው ይሁን፤ ዋሽንት ወይም ክራር። ድምፁን ግን ጫጫታውን ለማሸነፍ ብላችሁ አትጨምሩ፣ ጆሯችሁን ትጎዳላችሁ።

ከሁሉም የሚከብደው ሰው ማናገር ነው። ከሁሉም የሚጠቅመውም እሱ ነው። በመጀመሪያ የራሳችሁን ስልክ ሳይለንት አድርጉ። ከዚያ ሰውየውን ለብቻ፣ ቡና ላይ አናግሩ፤ በሰው ፊት አይሆንም። እኔ አንድ ታላቄ የሆኑ ባልደረባዬን እንዲህ አልኳቸው፦ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሒሳብ ስይዝ ድምፅ ቶሎ ይበትነኛል። ስልክ ሲመጣ ኮሪደር ላይ ቢያናግሩልኝ?» «ምነው እስካሁን ዝም አልሽ?» አሉኝ። አሁን ስልካቸው ሲጠራ ራሳቸው ብድግ ይላሉ። ቀስ በቀስ ክፍሉ በሙሉ ተስማማ፦ ላውድ ስፒከር የለም፣ ከ3:00 እስከ 5:00 ሰዓት ወሬ የለም።

ሰላምታን ግን አትቁረጡ። እኛ ጋ ሳይጠያየቁ መቀመጥ ያስቀይማል። 2:30 ላይ ዞር ዞር ብላችሁ ሁሉንም ሰላም በሉና ተቀመጡ፤ ከዚያ በየተራ የሚመጣባችሁ አይኖርም። ከባዱን ሥራ ጸጥ ባለው ሰዓት፣ ፊርማና ፋይሉን ደግሞ ተገልጋይ በሚበዛበት ሰዓት አድርጉ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ለስልክ ሥራ ቀጠሮ አትያዙ።

አሁንም የሚያቋርጣችሁ አይጠፋም። ሰው ሲጠራችሁ «አንድ ደቂቃ» በሉና ቀና ከማለታችሁ በፊት የደረሳችሁበትን ጻፉ። የእኔ ወረቀት ላይ «ረድፍ 18፣ ቀጥሎ ነዳጅ» ይላል። ስመለስ ከየት እንደምጀምር አይጠፋኝም።

6:30 ላይ ምሳዬን በልቼ ጣና ዳር እወርዳለሁ። ስልኬ ቦርሳ ውስጥ ይቆያል። ዛፍ ሥር ተቀምጬ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉትን አያለሁ። ሃያ ደቂቃ ይበቃኛል። 7:30 ላይ ስመለስ ወረቀቷ ጠረጴዛዬ ላይ ናት፤ ረድፍ 18።