በጅማ ከ21 ዓመት በታች የሴቶች ሜዳ ሆኪ ማጣሪያ ለሚያዘጋጁ

የሜዳ ሆኪ ኳስ ከ156 እስከ 163 ግራም የምትመዝን ጠንካራ ኳስ ናት። በተስተካከለ ሜዳ መሬት ለመሬት ትሄዳለች፤ ጉብታ ካገኘች ግን ነጥራ የልጅቷ ፊት ላይ ታርፋለች። በተፈጥሮ ሳር ላይ የክልል ማጣሪያ የሚያዘጋጅ ሁሉ ከበጀቱም ከጊዜውም ትልቁን ድርሻ ለሜዳው መስጠት ያለበት ለዚህ ነው። ዋንጫ፣ ባነርና ድምፅ ማጉያ ከዚያ በኋላ ይታሰብባቸዋል።

ለጅማ የሚሻለው ወር ጥር ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ሜዳውን ጭቃ ያደርገዋል፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ የቡና ለቀማ ስለሆነ ከየወረዳው የሚመጡ ልጆች ከቤት በቀላሉ አይለቀቁም። ከተራንና ጥምቀትን ዝለሉ፣ ረመዳን መቼ እንደሚገባ አስቀድማችሁ አጣሩ፣ አርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ጨዋታ አታስገቡ።

የሆኪ ሜዳ 91.4 በ55 ሜትር ነው። ከግብ መስመሮቹ ኋላ 5 ሜትር፣ ከጎን 4 ሜትር ነጻ ቦታ ሲጨመር 101.4 በ63 ይሆናል፤ ስለዚህ 105 በ68 ሜትር የሆነ የእግር ኳስ ሜዳ ይበቃል። ሥራውን ከሦስት ሳምንት በፊት ጀምሩ። ጉድጓዶቹን በተነፋ አፈር ሙሉ፣ አጠጡ፣ አፈሩ ረጠብ ብሎ ግን ከጫማ ጋር በማይጣበቅበት ሰዓት በሮለር ተጫኑት። ሳሩን በጥቂት በጥቂቱ እያጨዳችሁ ወደ 2 ሴንቲሜትር አድርሱት፤ በአንድ ቀን ከሥሩ የተላጨ ሳር በጥር ፀሐይ ይደርቅና መሬቱ ይራቆታል። አንድ ቦታ ለይታችሁ እዩ፦ የሆኪውን ሜዳ በእግር ኳሱ ሜዳ መሀል ላይ ስታሰምሩ የእግር ኳሱ የፍጹም ቅጣት ምት ነጥብ ከሆኪው ግብ ፊት 4.2 ሜትር ላይ ይወድቃል። ያ ነጥብ ሁልጊዜ የተቦረቦረ ነው፤ በረኛዋ ምት የምትጠብቀውም እዚያው አካባቢ ነው። ሌላው ቢቀር እሱን ቆፍራችሁ እንደገና ሙሉት።

ስታሰምሩ በናይለን ገመድ አትለኩ፤ ይለጠጣል። በብረት ሜትር ለክታችሁ በአራቱ ማዕዘን ችካል ከተከላችሁ በኋላ ሰያፉን ለኩ፤ ሁለቱም 106.67 ሜትር ካልመጡ ሜዳው ተጣሟል። የመስመሩ ውፍረት 7.5 ሴንቲሜትር ነው። ኖራ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል በነጭ የውኃ ቀለም አስምሩ። ከእያንዳንዱ የግብ መስመር 22.9 ሜትር ላይ ሜዳውን የሚያቋርጥ መስመር ይገባል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የግብ ክልሉን ሲያሰምር ነው። ከግቡ መሀል ተነስቶ ግማሽ ክብ ይስላል፤ ይህ ስህተት ነው። ችካሉ በእያንዳንዱ የግብ ቋሚ የውስጥ የፊት ጠርዝ ላይ ይተከልና በ14.63 ሜትር ገመድ ሩብ ክብ ይዞራል፤ ሁለቱ ቅስቶች በ3.66 ሜትር ቀጥታ መስመር ይገናኛሉ። ከጠቅላላው የክልሉ መስመር ውጭ 5 ሜትር ርቆ የተቆራረጠ መስመር ይሰመራል። ግብ የሚቆጠረው አጥቂ በክልሉ ውስጥ የነካችው ኳስ ሲገባ ብቻ ስለሆነ፣ የተዛባ መስመር በቀጥታ ውጤት ይለውጣል።

የእጅ ኳስ ግብ 3 በ2 ሜትር ስለሆነ አይሆንም። የሆኪ ግብ ውስጡ 3.66 ሜትር ስፋት፣ 2.14 ሜትር ቁመት አለው። ማንኛውም ብየዳ ቤት ከ50 ሚሊሜትር ቱቦላሬ ይሠራዋል። ከኋላና ከጎን 46 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ጣውላ ይግጠሙለት፤ በቅጣት ማዕዘን ምት (ተከላካዮች ሲያጠፉ አጥቂዎች ከግብ መስመር የሚጀምሩት ምት) ወደ ግብ የሚላከው የመጀመሪያ ኳስ ተገፍቶ ሳይሆን ተመትቶ የተላከ ከሆነ የግብ መስመሩን ሲያልፍ ከዚህ ከፍታ መብለጥ ስለሌለበት ዳኞች የሚፈርዱት ጣውላውን አይተው ነው። ግቡን በችካል መሬት ላይ እሰሩት፤ ያልታሰረ ግብ ወድቆ ሰው ይጎዳል።

ምዝገባ ላይ ጠብ የሚያመጣው የዕድሜ ጉዳይ ነው፤ መነሻውም አብዛኛውን ጊዜ የቀን አቆጣጠር ነው። ተጫዋቾቹ ከዚያ ወዲህ የተወለዱ መሆን ያለባቸውን የመነሻ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት፦ ለምሳሌ በአውሮፓውያኑ ጃንዋሪ 1 ቀን 2004 በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1996 ነው። ከ18 ዓመት በታች ላሉት የወላጅ ፈቃድ ይያያዝ፤ እያንዳንዱ ቡድንም ከልጆቹ ጋር የምታድር አንዲት ሴት ኃላፊ ይኑረው። የጅማ ሌሊት በጥር ስለሚበርድ ብርድ ልብስ፣ ለልብስ መቀየሪያ ክፍሉም ውኃ፣ መቆለፊያና የንጽሕና መጠበቂያ አዘጋጁ።

የጥርስና የቅልጥም መከላከያ የሌላት ልጅ አትግባ። ሂጃብ የብረት መርፌ የሌለውና አንገት ላይ የማይንጠለጠል ይሁን። ዱላ ከ105 ሴንቲሜትር መርዘም፣ ከ737 ግራም መክበድ የለበትም፤ ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን ሁሉንም መዝኑ። የበረኛ ልብስ ውድ ስለሆነ አራት ሙሉ ልብስ በጋራ ገዝቶ ማዟዟር ይቻላል፤ በየጨዋታው መሀል ፀሐይ ላይ መሰጣት አለበት። የገና ጨዋታ የለመዱ ልጆች ዱላውን በሁለቱም በኩል መጠቀም ይቀናቸዋል፤ በሆኪ ግን በጠፍጣፋው ፊት ብቻ ነው የሚመታው። አሰልጣኞች ይህን ቀድመው ያስለቅቋቸው።

ስምንት ቡድን በሁለት ምድብ ከተከፈለ 12 የምድብ ጨዋታ፣ ሁለት ግማሽ ፍጻሜ፣ የደረጃና የፍጻሜ ጨዋታ፣ በድምሩ 16 ይሆናል። አንድ ጨዋታ አራት ጊዜ 15 ደቂቃ ነው፤ መሀሉ ላይ 10፣ በቀሩት ሁለት እረፍቶች 2 ደቂቃ አለው። ሰዓት የሚቆምበትን ጊዜ ስትጨምሩ ከ90 ደቂቃ በታች አትመድቡ። ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ አትጀምሩ፤ 3፣ 5፣ 8 እና 10 ሰዓት ይበቃሉ። በዚህ አካሄድ ምድቡ በሦስት ቀን ያልቃል፤ ከዚያ አንድ ቀን እረፍት ስጡ። ለልጆቹም ለሳሩም ያስፈልጋል።

ነጥብ ሲተካከል የሚለየው በቅደም ተከተል፦ ያሸነፉት ጨዋታ ብዛት፣ የግብ ልዩነት፣ ያገቡት ግብ፣ እርስ በርስ ያደረጉት ጨዋታ። ይህንንና ስንት ቡድን እንደሚያልፍ ከዕጣው በፊት በጽሑፍ አስፈርሙ።

ሁለት ዳኛ፣ አንድ ሰዓት ያዥ፣ አንድ መዝጋቢ ያስፈልጋል። አረንጓዴ ካርድ 2 ደቂቃ፣ ቢጫ ቢያንስ 5 ደቂቃ ያስወጣል፤ ሰዓት ያዡ ይህን ለብቻው ይከታተል። ከባድ ጉዳት የሚያሰጋው በቅጣት ማዕዘን ምት ላይ ነው። በረኛዋን ጨምሮ አምስት ተከላካዮች ከግብ መስመሩ ኋላ ይቆማሉ፣ ሌሎቹ ከመሀል መስመር ወዲያ። በረኛ ላልሆኑት አራቱ የፊት ጭንብል በሁለቱም ግብ አጠገብ በሳጥን ይቀመጥ። በ5 ሜትር ውስጥ ያለች ተከላካይን የመጀመሪያው የግብ ምት ከጉልበቷ ወይም ከዚያ በላይ ካገኛት ምቱ አደገኛ ነው፤ ኳሱ ለተከላካዮች ይሰጣል። ጎርባጣ ሜዳ ላይ ይህን ሕግ የሚያላላ ዳኛ አትመድቡ።

በጥሎ ማለፉ እኩል ከወጡ ከየቡድኑ አምስት አምስት ተጫዋቾች ተራ በተራ ከ22.9 ሜትሩ መስመር ተነስተው በ8 ሰከንድ ውስጥ በረኛዋን ብቻቸውን ይገጥማሉ። ሰከንዱን የሚይዘው ሰው ፊሽካ ይኑረው። የውጤት ቅጹን ሁለቱ ቡድን መሪዎች ከሜዳ ሳይወጡ ይፈርሙበት።