በአፕ ኢንቬንተር የስላይደርን ክልል አፑ እየሠራ ሳለ መቀየር

በኤምአይቲ አፕ ኢንቬንተር (ብሎኮችን እየገጣጠሙ የስልክ አፕ በሚሠሩበት መሣሪያ) አዲስ ስላይደር (ጠቋሚ በማንሸራተት ቁጥር የሚመረጥበት አሞሌ) ሲጎትቱ ክልሉ ከ10 እስከ 50፣ ጠቋሚው 30 ላይ ሆኖ ይመጣል። ዲዛይነር (የአፑ ገጽታ የሚዘጋጅበት ገጽ) ላይ ሌላ ቁጥር መስጠት ቀላል ነው። ክልሉ ተጠቃሚው አፑን ከከፈተ በኋላ ሲቀየር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለምሳሌ የሙቀት መለኪያ እንውሰድ፦ ማብሪያው ሲነካ ከ0 እስከ 100 ሴልሺየስ የነበረው ክልል ከ32 እስከ 212 ፋረንሃይት ይሆናል፤ የተመረጠው ሙቀት ግን መለወጥ የለበትም።

ዝግጅት። ዲዛይነር ላይ ስላይደር፣ ስዊች (ማብሪያው) እና ሌብል (ጽሑፍ ማሳያ) ያስገቡ። ሚንቫልዩን (የክልሉን ዝቅተኛ ቁጥር) 0፣ ማክስቫልዩን (ከፍተኛውን) 100፣ ታምብፖዚሽንን (የጠቋሚውን ቦታ) 20 ያድርጉ። ወደ ብሎክስ ገጽ አልፈው ሁለት ግሎባል ተለዋዋጮች (ሁሉም ብሎኮች የሚጠቀሙባቸው ዋጋ መያዣዎች) ይፍጠሩ፦ «ሴልሺየስ» መነሻው 20፣ «በመቀየር_ላይ» መነሻው ፎልስ (ሐሰት)። ሌብሉ ላይ ሙቀቱን የሚጽፍ አንድ ፕሮሲጀር (በስሙ የሚጠራ የብሎኮች ስብስብ) ሠርተው «አሳይ» ይበሉት፤ ስዊቹ ኦን ከሆነ ሴልሺየስን በ1.8 አባዝቶ 32 ይደምር፣ ካልሆነ እንዳለ ይጻፍ።

ክልሉን መቀየር። በስዊቹ ቼንጅድ ኢቨንት (ስዊቹ ሲቀየር የሚነሳው) ውስጥ ብሎኮቹን በዚህ ቅደም ተከተል ይደርድሩ፦

1. «በመቀየር_ላይ»ን ትሩ (እውነት) ያድርጉ።
2. ስዊቹ ኦን ከሆነ ሚንቫልዩ 32፣ ማክስቫልዩ 212፤ ካልሆነ 0 እና 100።
3. ታምብፖዚሽንን ከ«ሴልሺየስ» አስልተው ይስጡ፦ ለፋረንሃይት በ1.8 ተባዝቶ 32 ሲደመር፣ ለሴልሺየስ እንዳለ።
4. «በመቀየር_ላይ»ን ወደ ፎልስ ይመልሱና «አሳይ»ን ይጥሩ።

ሦስተኛው ከሁለተኛው መቅደም የለበትም። ሚንቫልዩ ወይም ማክስቫልዩ በተቀየረ ቁጥር ጠቋሚው ራሱ ወደ አዲሱ ክልል መሃል ይዘላል። 20 ላይ የነበረው ሚንቫልዩ 32 ሲሆን ወደ 66፣ ማክስቫልዩ 212 ሲሆን ወደ 122 ይሄዳል። ታምብፖዚሽን ከላይ ከተቀመጠ የሰጡት ቁጥር ወዲያው ይጠፋል።

የተጠቃሚውን እንቅስቃሴ መቀበል። ጠቋሚው በብሎክ ትእዛዝ ሲንቀሳቀስም ፖዚሽንቼንጅድ ኢቨንት ይነሳል፤ ጣት ያንቀሳቀሰውን ከብሎክ አይለይም። ስለዚህ በዚህ ኢቨንት ውስጥ በቅድሚያ «በመቀየር_ላይ» ፎልስ መሆኑን የሚጠይቅ ኢፍ ያስገቡ። ፎልስ ከሆነ ብቻ የመጣውን ቁጥር ወደ «ሴልሺየስ» ያስገቡ (ስዊቹ ኦን ከሆነ 32 ቀንሰው ለ1.8 ያካፍሉት)፣ ከዚያ «አሳይ»ን ይጥሩ። ይህ ኢፍ ከተረሳ መሃል ላይ ያለው ቁጥር የተጠቃሚው ምርጫ መስሎ ይመዘገባል።

ትክክለኛውን ቁጥር በተለዋዋጭ መያዝን አጥብቀን የምንመክረው ስላይደሩ በደረጃ ስለሚሄድ ነው። ደረጃዎቹ 100 ከሆኑ በፋረንሃይት እያንዳንዱ 1.8 ዲግሪ ነው፤ 75 ላይ ልክ ማረፍ አይቻልም። በየቅያሪው ከስላይደሩ መልሰው ካነበቡ ትንንሾቹ ስህተቶች ይጠራቀማሉ። በአዲሶቹ ስሪቶች ነምበርኦፍስቴፕስ የሚባል ባሕርይ አለ፤ 900 ቢሰጡት በሴልሺየስም በፋረንሃይትም ሙሉ ዲግሪዎች ላይ ማረፍ ይችላል።

ክልሉን ተጠቃሚው ራሱ የሚጽፍ ከሆነ ሁለት ማጣሪያ ይጨምሩ። የተጻፈው ቁጥር መሆኑን በ«ኢዝ ነምበር» ብሎክ ያረጋግጡ፤ ባዶ ሳጥን ስህተት ያስነሳል። ቀጥሎ ዝቅተኛው ከከፍተኛው ማነሱን ይፈትሹ። ተገልብጠው ከገቡ አፕ ኢንቬንተር አይከለክልም፤ ሁለቱንም ድንበሮች አንድ ቁጥር ያደርጋቸውና ስላይደሩ መንቀሳቀሻ ያጣል። ከክልሉ የወጣ ታምብፖዚሽን ግን ወደ ቅርቡ ድንበር ስለሚመለስ ብዙ አያሳስብም።

ሙከራ። በስልክ ላይ በኮምፓኒየን (በአፕ ኢንቬንተር መሞከሪያ አፕ) ከፍተው፣ ስላይደሩን ሳይነኩ ስዊቹን ያብሩ። ሌብሉ 68 ማሳየት፣ ጠቋሚውም ወደ ግራ ጠርዝ መቅረብ አለበት። ሌብሉ 68 እያለ ጠቋሚው መሃል ላይ ከቆመ የታምብፖዚሽን ብሎክ ቦታ ተሳስቷል፤ ሌብሉ ራሱ ሌላ ቁጥር ካሳየ ደግሞ ፖዚሽንቼንጅድ ውስጥ ያለውን ኢፍ ይመልከቱ።