ቦይለሩ ሲያንጠባጥብ፦ የሙቅ ውሃ ግፊት ለምን ይበዛል?

ደብረ ብርሃን ላይ ከኅዳር እስከ ጥር የሚደወልልኝ ስልክ ተመሳሳይ ነው። «ቦይለሩ ያንጠባጥባል፤ መጥተህ ዝጋልን።» ውርጩ ሳሩን ነጭ በሚያለብስበት ወቅት ቦይለሩን የሚያጠፋ ሰው የለም፤ ጠብታውም ያኔ ይብሳል። የምታንጠባጥበው ከቦይለሩ ሥር፣ ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል የተገጠመችው ሴፍቲ ቫልቭ ናት። የተሠራችው ውስጥ ያለው ግፊት ሲበዛ እንድታስተነፍስ ነው። ስለዚህ መዝጊያ ከመፈለጋችሁ በፊት መቼ መቼ እንደምታንጠባጥብ ተመልከቱ፤ የመልሱ ግማሽ እዚያው አለ።

ባለፈው ክረምት ማግስት ጠባሴ አካባቢ አንዲት እናት ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። የቫልቩ ቀዳዳ በተጠረበ እንጨት ተወትፏል፣ ላዩ ላይ ፌስታል ተጠምጥሟል፣ ፌስታሉም በሲባጎ ታስሯል። እንጨቱ አብጦ ጥፍር አያስገባም። ቦይለሩ በርቶ ነበር። ምንም ሳልነካ ብሬከሩን አወረድኩ።

«እማማ፣ ይህን ማን አደረገው?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ግድግዳዬን አበሰበሰው እኮ!»

ግድግዳው እውነትም እርጥብ ነበር፤ ቀለሙ ተልጦ ወርዷል። ነገር ግን 80 ሊትር ውሃ እየሞቀ መተንፈሻው ከተደፈነ፣ ውሃው ሲሞቅ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው ቴርሞስታት አንድ ቀን አልቆርጥ ያለ እንደሆነ የሚሄደው ግድግዳው ብቻ አይሆንም። ቀዳዳዋን በእንጨት፣ በብሎን፣ በማስቲሽ፣ በምንም አትድፈኑ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

ሲሞቅ ብቻ የምታንጠባጥብ ከሆነ

ቦይለሩ ከበራ በኋላ ጠብ ጠብ ብላ፣ ውሃው ሞቆ የቦይለሩ መብራት ሲጠፋ የምታቆም ከሆነ ብዙ ጊዜ ብልሽት የለም። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል። በታኅሣሥ ጠዋት በ10 ዲግሪ የገባ 80 ሊትር ውሃ 65 ዲግሪ ሲደርስ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ይጨምራል። የሸዋ ሮቢት ሰው ውሃው ሲገባም ለብ ያለ ስለሆነ ጭማሪው ያንሰዋል፤ እኛ ደጋዎቹ ነን የምንከፍለው። ያ ጭማሪ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ሴፍቲ ቫልቯ ውስጥ ያለው ቼክ ቫልቭ ይከለክለዋል፤ ታንኩ ብረት ስለሆነ አይለጠጥም። መውጫው ያቺ ቀዳዳ ብቻ ናት።

ለማረጋገጥ ማታ ጆግ ሥሯ አስቀምጡ። ማንም ሙቅ ውሃ ሳይከፍት ቦይለሩ አንዴ ሞቆ እስኪጠፋ የተጠራቀመው ከአንድ ሊትር ተኩል ካልበለጠ ጤነኛ ነው። መፍትሔው ቀዳዳዋ ላይ ቀጭን ጎማ ገጥሞ ወደ ፍሳሽ መውሰድ ነው። ጎማው ወደ ታች ብቻ ይውረድ፣ ጫፉም ክፍት ይሁን። ብዙ ሠራተኛ ግድግዳ በስቶ ወደ ውጭ ያወጣዋል፤ እኔ በደብረ ብርሃን ይህን አልወድም። ሌሊት ጫፉ ላይ ጠብታው ከረጋ መተንፈሻው ተደፈነ ማለት ነው። መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ወዳለው ፍሳሽ አውርዱት።

ጠብታውን ጨርሶ ማየት የማይፈልግ ሰው በቀዝቃዛው መስመር ላይ፣ በሴፍቲ ቫልቯና በቦይለሩ መካከል የማስፋፊያ ታንክ ያስገጥም። ውስጡ ጎማና አየር አለው፤ ያበጠው ውሃ ወደዚያ ይገባል። ለ80 ሊትር ቦይለር ባለ 5 ሊትሩ ይበቃል፣ ባለ 8ቱ ይተርፋል። ለመጠጥ ውሃ የሚሆነውን ጠይቃችሁ ግዙ። አየሩ የሚሞላው ታንኩ ባዶ ሳለ ነው፤ መጠኑም ከመስመሩ ግፊት ጋር እኩል ይሁን።

ጠፍቶም ቀዝቅዞም የምታንጠባጥብ ከሆነ

እዚህ ሁለት ተጠርጣሪ አለ፤ የመስመሩ ግፊትና ቫልቯ ራሷ። ሳትለኩ አትፍረዱ። እስከ 10 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የሚያነብ ፕሬዠር ጌጅ፣ ማለትም ግፊት መለኪያ ሰዓት፣ ግዙና የግቢው ቧንቧ ላይ አስሩት። ምሽት 1 ሰዓት ላይ አንብቡ፣ ከዚያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጋቢ ደርባችሁ ውጡና ድገሙ። ሌሊት የሚቀዳ ሰው ስለሌለ ግፊቱ ከፍ ይላል። ከተማው ተዳፋት ስላለው ደግሞ ከውሃ ማጠራቀሚያው በየ10 ሜትሩ ዝቅ ያለ ቤት ወደ 1 ባር ይጨመርበታል። የእማማ ቤት ጌጅ ምሽት 3 ባር ነበር፤ ሌሊት 7 ባር ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ቫልቯ ላይ 0.8 ሜጋ ፓስካል ተጽፏል፤ 8 ባር ማለት ነው። ከ7 ተነስቶ ማሞቅ ሲጀምር 8 ለመድረስ ምን ያህል ይቀረዋል?

ከ5 ባር በላይ ካነበባችሁ ከቆጣሪው ቀጥሎ ግፊት መቀነሻ አስገጥሙና 3 ባር ላይ አስተካክሉት። የእጅ መታጠቢያው ፍሌክሲብል (ተጣጣፊው ቱቦ) ቶሎ ቶሎ መፈንዳቱ፣ ቧንቧ በድንገት ሲዘጋ መስመሩ ድው ማለቱም ይቀንሳል። ታዲያ መቀነሻውም ውሃ ወደ ኋላ ላይመልስ ስለሚችል ሲሞቅ የሚመጣው ጠብታ አይቀርም። «አዲስ ዕቃ አስገብቼ አሁንም ያንጠባጥባል» ብሎ የሚቆጣ ሰው የላይኛውን ክፍል ያንብብ።

ጌጁ ሌሊትም 3 ወይም 4 ካለ ጥፋቱ የቫልቯ ነው። መቀመጫዋ ላይ አሸዋ ወይም ነጭ ቅርፊት ገብቷል። ማንሻዋን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ ውሃው ይጠባት፤ ሙቅ ሊሆን ስለሚችል እጃችሁን አርቁ። ካልተሻላት ቀይሯት እንጂ ፈታታችሁ አትጠግኗት። ስትገዙ የቦይለሩ ታንክ ከሚችለው ግፊት የሚበልጥ ቁጥር የተጻፈባትን እንዳትወስዱ።

ታንከርና ፓምፕ ያለው ቤት

ጣሪያ ላይ ያለ ታንከር ብቻውን ግፊት አያበዛም። ከቦይለሩ 3 ሜትር ከፍ ቢል የሚሰጠው 0.3 ባር ነው። ፓምፕ ካለ ግን ፓምፑን እንደ ግፊቱ የሚያበራና የሚያጠፋውን ፕሬዠር ስዊች እዩ፤ ሻወሩ እንዲበረታ ተብሎ ብሎኑ ያለ ልክ ተጠብቆ ይሆናል። ማጥፊያውን 3 ባር አካባቢ መልሱት። ፓምፑ ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር ቶሎ ቶሎ የሚነሳና የሚጠፋ ከሆነ የፓምፑ ታንክ አየር አልቋል።

የሚፈላ ድምፅ፣ እንፋሎት

ቦይለሩ የሚንተከተክ ከሆነ፣ ከሙቅ ቧንቧውም ውሃና እንፋሎት የሚተፋ ከሆነ ቴርሞስታቱ አልቆረጠም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ስላለች ክፍት ድስት 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ታንክ ውስጥ የታፈነ ውሃ ግን ከዚያ አልፎ ይሞቃል፤ ቧንቧ ሲከፈትለት ነው እንፋሎት የሚሆነው። ብሬከሩን ከዋናው ሳጥን አውርዱ፣ ክፍሉን ለቃችሁ ውጡ፣ እስኪበርድ ምንም አትፍቱ። ከዚያ በኋላ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ቴርሞስታት በግምት አይቀየርም።

እማማ ቤት እንጨቱን በፒንሳ ነቅዬ ቫልቯን ቀየርኩ፤ መቀነሻና ባለ 5 ሊትር ታንክም አስገባሁ። ማንሻዋን በወር አንዴ ከፍ አድርገው ውሃ እንዲያስተነፍሷት ነገርኳቸው፤ ካልተነካች ትደርቃለች። «ቀኑን እንዴት አስታውሳለሁ?» አሉ። ትንሽ አሰቡና ራሳቸው መለሱት፤ በየወሩ በ21፣ የማርያም ቡና ከመፈላቱ በፊት።